ሳይጮህ እንዳይውጡ

አፋቸው ወደ ግራ የተጣመመባቸው አባት ዓይናቸውን ከስልኩ ላይ አልነቀሉም። ከስልኩ ጎን፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ሦስት የደም ግፊት ክኒኖች ተራ ይዘው ተደርድረው ነበር፤ የሦስት ጠዋት መድኃኒት። አምቡላንስ የጠራችው ልጃቸው ስልኩን ብድግ አድርጋ ስክሪኑን ነካ አደረገችው። ይሄኔ ስልኩ ከእንቅልፉ ነቃና ያጠራቀመውን ሦስት ደወል በአንድ ላይ አስጮኸው።

ልጅቱ ክው አለች። መድኃኒት የሚያስታውሰውን መተግበሪያ የሠራችው እሷ ነበረች። ቢሮ ቁጭ ብላ ስትፈትሸው በእጇ የምታዞረው የውሸት ሰዓት ሰጥታው ሦስት ቀን በአንድ ሰከንድ አስሮጠችው፤ ፈተናው ሁሉ «አልፏል» ብሎ አረንጓዴ በራላት። የእውነት ስልክ ካልነኩት እንደሚያንቀላፋ፣ ሲያንቀላፋም የመተግበሪያዋን ሰዓት ቆጣሪ አቅፎ እንደሚተኛ ልብ አላለችም።

«አባባ፣ በሞቴ፣ ለምን ዝም ብለው አልዋጡትም?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ» አሉ አባት በተሳሰረ አንደበት፣ ቃሉን እየጎተቱ፣ «እየሞከርኩት ስለሆነ ሳይጮህ እንዳይውጡ ያልሽኝ?»

ከዚያ በደህናው እጃቸው ክኒኖቹን አንድ በአንድ ሰበሰቡና ቀና ብለው አዩዋት።

«ይኸው ጮኸልሽ። አሁን ልዋጥ?»