ከግድግዳው የወረደው ፎቶግራፍ

በስክራንተን ከተማ ቴአትር ቤት የሰኞ ከሰዓቱ ትርኢት እንዳለቀ፣ ሥራ አስኪያጁ ዱገን ያልወደዳቸውን ተጫዋቾች ፎቶግራፍ ከመግቢያው ግድግዳ ላይ ማውረድ ጀመረ። ተጫዋች ሲያሰናብት ቃል አያባክንም፤ ፎቶግራፉን በእጁ ያስይዘዋል፣ በቃ። ሽማግሌው ዘፋኝ ኦርቪል ከሚስታቸው ጋር የተነሱትን ግን አልነካም። ሁልጊዜ ከሚስታቸው ጋር የሚቀባበሉትን ዘፈን ዛሬ ብቻቸውን ይዘው ወጥተው፣ የእሷ ተራ በደረሰ ቁጥር ባዶውን ቦታ እያዩ ዝም ሲሉ ሰው በሳቅ ፈርሷል።

«ጋሽ ኦርቪል፣ ጉድ አሰኙን እኮ» አላቸው ከኋላው ሲመጡ አይቶ። «ከነገ ጀምሮ ዋናው የትርኢት ሰዓት የእርስዎ ነው። ያቺን ዝምታ ግን ማን መከረዎት? እትዬ መሆን አለባቸው፤ መጋረጃ ጀርባ ሆነው ሲስቁብን ነበር አይደል?»

«ሐሙስ ቀበርኳት» አሉ ሽማግሌው። «የእሷን ዘልዬ ልዘፍን ነበር ያሰብኩት። አፌ እምቢ አለኝ።»

«ሰው እኮ ወዶታል» አለ ዱገን።

«ሰምቻለሁ፣ ልጄ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁ። ዱገን የሚጠብቁት ምን እንደሆነ የገባው ቆይቶ ነው። ፎቶግራፉን አውርዶ ሰጣቸው። ከደጅ ለማታው ትርኢት ትኬት የተሰለፈው ሰው እንዳያያት፣ የሚስታቸውን ፊት ወደ ደረታቸው አዙረው ወጡ።