በባዶ ሆድ

ሐኪሟ የጉበት መለኪያ መሣሪያውን ከሽማግሌው ጎን ሳታነሳ ቁጥሩን ደግማ አየችው። ጉበታቸው ካለፈው ልኬት እጅግ ጠንክሯል። ቁጥሩ እውነት ከሆነ በጉበቱ መጠንከር ሳቢያ ጉሮሯቸው ውስጥ ደም ሥር አብጦ እንደሆነ ለማየት ያን የሚፈሩትን ባለ ካሜራ ቱቦ መዋጥ ሊኖርባቸው ነው። የደም ምርመራቸው ግን ደህና ነበር። ቁጥሩን አላመነችውም።

«ጋሼ፣ ከማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሱም?»

«ውሃ እንኳ! ምስክሬ እሷ ናት።»

ሚስታቸው ቀና ብለው ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ሐኪሟ የሽማግሌው ጺም ላይ ፍርፋሪ አየች።

«ምግብ ጉበትን ለጊዜው ያጠነክረዋል። በልተው ከሆነ ነገ እንደገና እለካዎታለሁ፤ ካልበሉ ግን ቱቦው የግድ ነው።»

ሽማግሌው ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ተናገሪ እንጂ፣ አንቺ!»

ሚስትየው ከቦርሳቸው የተገመጠ ብስኩት አውጥተው አልጋው ጠርዝ ላይ አኖሩ።

«ግማሹ ይኸው፣ ልጄ። ሌላው የት እንደገባ እሳቸውን ጠይቂያቸው።»