ማሳው ጫፍ ላይ

«…እስኪ…» ይላሉ አባቷ። የሚቀጥለው ቃል ከገላኔ ትዝታ ጠፍቷል። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከበሩ ኋላ ተሸጉጣ ነው የሰማችው። እርሻቸውን ሊለኩ የመጡት ቀያሾች ደጅ እንደቆሙ አወሩ፤ አንደኛው ሳቀ። በሳምንቱ ግሬደር መጣ።

ዛሬ እርሻው ላይ ቪላዎች ቆመዋል። ገላኔም ታንዛኒያ፣ አንድ የወርቅ ማዕድን ማውጫ ውስጥ፣ ጂኦሎጂስትም አስተዳዳሪም ናት። ለእረፍት ወደ ትውልድ ሰፈሯ ጎሮ መጥታ፣ አባቷ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጣለች። ስልኳ ይጮኻል። የማዕድኑ የሥራ መሪ ጁማ ነው፤ ምን እንደሚፈልግ ታውቃለች። ለማዕድኑ መንገድ የሚጠርገው ቡልዶዘር የአንድ ሽማግሌ በቆሎ ማሳ ጫፍ ደርሷል፤ ሰውየው ካሳውን ተቀብለው ሲያበቁ መሃል ማሳው ላይ ቁጭ ብለው አልነሳም ብለዋል። «ግባ» የምትለው እሷ ናት።

አታነሳውም።

«አባዬ፣ ያኔ ቀያሾቹን ምን ብለው ነበር የለመኗቸው?»

አባቷ አቶ ዳጪ ዘወር ይላሉ። «ምን አስታወሰሽ?»

«እንዲያው ነው።»

«እንዲያው ብሎ ነገር የለም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ።» ይሏታል፤ ቀጥለውም፣ «ጤፉ እስኪታጨድ ነው ያልኳቸው። ዛላው ቢጫ ሆኖ አጎንብሶ ነበር። መሬቱን ይውሰዱት፤ እህል ግን እግዜር እጁን ያሳረፈበት ነው፤ እንዴት ይረገጣል? ማሽኑ የኪራይ ነው፣ አይጠብቅም አሉኝ።»

የሽማግሌውን ነገር ትነግራቸዋለች።

«በቆሎው እሸት ነው ወይስ ደርቋል?»

«አላየሁትም።»

«ወይ ጉድ! ስድስት ዓመት ከመሬት በታች ያለውን ስታዪ፣ ከላይ ያለው አመለጠሽ?» ይስቃሉ። እሷም ትስቃለች።

ስልኩ ደግሞ ይጮኻል። ታነሳዋለች።

«ማዳም ገላኔ፣ እንግባ?»

«በቆሎው ደርቋል?»

«ምኑ?»

«በቆሎው! አንዱን ፈልቅቀህ እየው።»

የቅጠል ኮሽታ ይሰማታል። «ገና ወተት ነው።»

«እንግዲያው አትገቡም። ሽማግሌው እስኪሰበስቡ መንገዱን ከወንዙ በኩል ጀምሩት። ዓለቱ ጽኑ ነው፤ ያጠናሁት እኔ ነኝ።»

«በዚያ በኩል እኮ ሩቅ ነው! ዝናብ ይቀድመናል። ዋናው ቢሮ ምን ይለናል?»

«ገላኔ ከለከለች በላቸው።»

«ቢያባርሩሽስ?»

«ጎሮ አለልኝ።»

ጁማ ረጅም ትንፋሽ ያወጣል። ከኋላው የቡልዶዘሩ ሞተር ያጓራል። አባቷ አንገታቸውን አስግገው ያዳምጣሉ።

«እሺ» ይላል በመጨረሻ። ሞተሩን ሊያስጠፋ፣ በበቆሎው መሃል በእግሩ ገብቶም ለሽማግሌው ራሱ ሊነግራቸው ይስማማል።