የእንሽላሊቶቹ ውሃ

ተሾመች ከስማዳ ወደ እስቴ ተድራ የመጣችው ጣሊያን ከአገር በወጣ በጥቂት ዓመት ነው። ባሏ መሪጌታ ላቀው በዕድሜ አባቷን ያህላሉ። ሲያዜሙ ድምፃቸው ደብሩን ይሞላል፤ መሬት አላቸው፤ ሁለት ሚስት ቀብረዋል። አባቷ ይህን የመጨረሻውን ሳያነሳ ነው የዳራት።

ቤቱ የጎደለው ነገር አልነበረም። የተረፈ ነገር ግን ነበረው። ከጓዳው በር አጠገብ በተሰቀለ አሮጌ የንብ ቀፎ ውስጥ መሪጌታ እንሽላሊቶች ያኖሩ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ላይ እየያዙ ነው ያመጧቸው። ዝንብ ይይዙላቸዋል፤ በወይራ ቅጠል ላይ ውሃ ጠብ ያደርጉላቸውና ልሰው እስኪጨርሱ ቆመው ያያሉ። ሌላው ሰው ድመት ያኖራል፣ እሳቸው እንሽላሊት።

«እንዲያው ምን ያደርጉልዎታል?» አለች ተሾመች በመጣች ሰሞን።

«ይኑሩ፤ ምን አስቸገሩሽ?»

ያስቸገራት ውሃቸው ነው። መሪጌታ ገና ከጅምሩ ሁለት እንስራ አሳይተዋታል። «ትልቁ ለቤት ነው፤ ከማርያም ምንጭ ትቀጂያለሽ። ትንሹ ለእንሽላሊቶቹ ነው፤ ከምሽጉ ምንጭ። አደራሽን፣ እንዳይቀላቀል።»

የማርያም ምንጭ ከገደሉ ስር ነው። ወርዶ መውጣቱ ጉልበት ይፈታል፤ ውሃውም አፈር አፈር ይላል። የምሽጉ ምንጭ ግን ጣሊያን ጥሎት ከሄደው ምሽግ ስር፣ ከደጃፋቸው ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ኩልል ብሎ ይፈልቃል። ጥሩው ለእንሽላሊት፣ አፈር አፈር የሚለው ለሚስት! ተሾመች እንስራዋን አዝላ ገደሉን በወጣች ቁጥር በንዴት ትቃጠል ነበር።

ንዴቱን ወደ ፍርሃት የለወጠችው ጎረቤቷ አዛለች ናት። ወደ መካነ ኢየሱስ ገበያ አብረው ሲወርዱ ነው የነገረቻት።

«የፊተኞቹ ሚስቶቻቸው ምን ሆነው ሞቱ?» ብላ ተሾመች ጠየቀች።

«እኔ ምን አውቄ እቴ! ብቻ ሁለቱም ባንድ ዓይነት ነው የሄዱት። አፋቸው ይደርቃል፣ ውሃ ውሃ ይላሉ፣ ጠጉራቸው ይረግፋል። ከዚያ ማለቅ ነው።» አዛለች ዞር ዞር ብላ አየች። «ባልሽ ደብተራ ናቸው። እኔ ምንም አላልኩም።»

«እንሽላሊቶቹስ ያኔም ነበሩ?»

«ኧረ አልነበሩም! ያመጧቸው ሁለተኛይቱን ከቀበሩ ወዲያ ነው። ምን መንፈስ እንደሚስቡባቸው እሳቸው ያውቃሉ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ተሾመች ዓይኗን ከባሏ አልነቀለችም። እሳቸው ከጠላ በቀር ውሃ አይነኩም፤ ጠላውንም ስትሰጣቸው እንደ ወጉ በመዳፏ ጠብ አድርጋ፣ ቀምሳ ነው። ውሃ ሲሆን ግን በዚያ ቤት ከሰው በፊት የሚጠጣ እንሽላሊት ነው! በአባቷ ቤት መጀመሪያ የሚጠጣው የተከበረው ሰው ነበር። እዚህ ክብሩ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው። አንድ ቀን ደግሞ መሪጌታ በትልቁ እንስራ ላይ አጎንብሰው ውሃውን ሲያሸቱና ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ ደረሰችባቸው። ቀና አሉና፣

«ውሃ ጠጥተሻል?» አሏት።

«ጠጥቻለሁ።»

«ከትልቁ ነው?»

«አዎ፣ ከትልቁ።»

«ጎሽ» አሉ። ተሾመች ጓዳ ገብታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

በዚህ ላይ ፀነሰች። ለራሷ ብቻ ቢሆን ኖሮ እግሬ አውጪኝ ብላ ስማዳ በገባች። ግን አባቷ መልሶ ይልካታል፤ ይህን ታውቃለች። ስለዚህ ሆዷን ይዛ ዘዴ ፈለገች።

መሪጌታ ለማኅሌት ሲሄዱ የትንሹን እንስራ ውሃ በቅል ገልብጣ፣ ቅሉን ከእህሉ ጎተራ ኋላ ትሸሽጋለች። ትንሹን እንስራ ደግሞ ከትልቁ እየቀዳች ትሞላለች። እሷ ከቅሉ ትጠጣለች። መሪጌታ ሲመለሱ ምንም ሳይጠረጥሩ ከትንሹ ቀድተው ለእንሽላሊቶቻቸው ጠብ ያደርጋሉ። ያው መርዙን ይላሱት!

እንሽላሊቶቹ አልሞቱም። ይባስ ብለው ወፈሩ። ተሾመች አልገረማትም፤ የደብተራ እንሽላሊት ደግሞ ምን መርዝ ይይዘዋል?

ዝናቡ መጥቶ ሄደ፤ ገብሱ አሸተ። የተሾመች ሆድ ገፋ። አንድ ጠዋት ጠጉሯን ስታበጥር በሚዶው ላይ እፍኝ ሙሉ ተነቅሎ መጣ። አፏም መድረቅ ጀመረ። ይህ በፊት ከትልቁ የጠጣሁት መርዝ ነው፣ ገና አልወጣልኝም አለች። ለማጠብ ብላ ከቅሉ አብዝታ ጠጣች። ጥማቱ ግን አልቆረጠም። ያን ጊዜ ማሰብ ትታ ጸሎት ያዘች፤ ልጄን ብቻ አትርፍልኝ እያለች።

አንድ ቀን መሪጌታ ቀፎውን አውርደው ውስጡን ሲያዩ ቆዩ። ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ። ከዚያ ቀና ብለው ተጣሯት።

«ተሾመች! እንስራሽን ይዘሽ ነይ እስቲ።»

ታወቀብኝ አለች። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ምላሷ አልላወስ ብሏታል። መሪጌታ ግን ፊታቸው በርቶ ነበር፤ እንዲህ ደስ ብሏቸው አይታቸው አታውቅም።

«እንዲህ ከብደሽ ገደል ስትወጪ አንጀቴን እየበላሽው ነበር» አሉ። «እንዳትፈሪ ብዬ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩሽ።»

«ምኑን?» አለች በጭንቅ።

«እነዚያን ሁለቱን የገደለብኝ የምሽጉ ውሃ ይሆን እያልኩ ለእንሽላሊቶቹ ሳስቀምስ ከረምኩ፤ ይኸው አንድም አልሞተም፤ ከዛሬ ጀምሮ ገደል አትውረጂ፣ አንቺም ከእሱ ጠጪ።»