የጎተራ ሹሙ ቀለብ

እንግዲህ ልጆቼ፣ በመቃብር ድንጋይ ፊት ስሙ የተጠራ ሟች ከጠሪው ቤት ዳቦ መብላት ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆነ። የሙዚየሙ አስጎብኚ ወይዘሮ ውድነሽ የጥንቱን የግብፅ ጎተራ ሹም ድንጋይ በየቀኑ ለጎብኚ ያነባሉ፤ ቤታቸው ሲገቡ ሞሰባቸው ባዶ ነው።

«ድንጋዩ ላይ ‹ለተራበ ያበላሁ ነኝ› ይላል ደግሞ! ሆዳም!» ይላሉ።

ዛሬ የባላቸው የአቶ ጌጤነህ ተዝካር ነው፤ ድፎው ቤት ተቀምጧል።

«እትዬ፣ እንግዶቹ ቆመው ቀሩ እኮ፤ ያንብቡ እንጂ!» አላቸው አለቃቸው።

ቀረቡ። «ሺህ ዳቦ፣ ሺህ ጋን ጠላ...» ብለው የሹሙ ስም ላይ ሲደርሱ፣ «ለጌጤነህ!» አሉ።

ጎብኚዎቹ ምንም ሳያውቁ አጨበጨቡ። ወይዘሮ ውድነሽ ወደ ተቀረጸው የሹሙ ጉንጫም ፊት ጠጋ ብለው፣

«አንተ ሦስት ዓመት ዳቦዬን በልተሃል፤ ዛሬ ጹም!» አሉት።