በጎን የሚሮጠው ህሩይ

ሚያዝያ ሦስት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ባለፈው ክረምት በሞት የተለየን ወንድሜ ህሩይ የጀመረውን፣ በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ የኮሚክ መጽሐፍ ልጨርስለት ብዬ፣ ፀዳ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ከስልኬ አሳሳል እየተማርኩ ነበር። የታሪኩ ጀግና ራሱ ህሩይ ነው። ሲቀመጥና ሲዘል ፊት ለፊት ሳልኩት፤ ሲሮጥ ግን በጎን።

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የሆኑት አባቴ አይተው ደነገጡ።

"ምነው ልጄ! በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣንና ኃጥእ ነው። ወንድምሽን ከነሱ ልትደምሪው ነው?"

"አባባ፣ ወደ እኛ እያየ ከሮጠማ ግንብ ይገጫል።"

"ይግጨው! ሁለተኛውን ዓይን ሳዪለት።"

"አልስልም። ህሩይ ጻድቅ ለመሆን የዓይን ቁጥር አያስፈልገውም።"

ውሃ ጠጥቼ ስመለስ ህሩይ እየሮጠ በሁለት ዓይኑ ያየናል። አባቴ ናቸው የሳሉት ብዬ ተናደድኩ። በላጲስ አጠፋሁትና ዳግም እንዳይነኩት እጃቸውን በግራ እጄ ይዤ እንደገና በጎን ሳልኩት። እርሳሴን ሳነሳ ፊቱ ቀስ ብሎ ወደ እኛ ዞረ።

አባቴ አማተቡ። "በቃ ልጄ፣ ተይው" አሉ።

እኔ ላጲሱን አነሳሁ።

መጽሐፉን ሰኔ ላይ ጨረስኩት። ሩጫውን ሁሉ በጎን ነው የሳልኩት፤ ዛሬ በጎን የሚታይ አንድም ሥዕል የለውም።