ቁጥር የሌለው ሜኑ

«ቁጥር የሌለው ሜኑ የለንም፣ እናቴ» አለ የምግብ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ።

እናቴ! ድንቄም ልጅ! ሎሬይን ከእግር እስከ ራሱ ገረመመችው። ቢበዛ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ክራቫቱ ላይ የመረቅ ጠብታ ደርቋል። የሮዘራም ከተማ ሕዝብ ጤና እንግዲህ በዚህ ሰው እጅ ነው።

«ማክሰኞ ደውያለሁ፣ ሐሙስም ደውያለሁ። ሁለቴም አለን ተብያለሁ።»

«ማን ነው አለን ያለዎት?»

«እኔ ምን አውቄ! ስሙን ምን ያደርግልኛል፣ ላገባው ነው?»

ልጇ ብራዮኒ አቀርቅራ የሹራቧን እጅጌ ትጎትታለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ምግብ በአፌ አይዞርም ብላ ሰባት ወር ሆስፒታል ተኝታ ከወጣች ገና አምስት ሳምንቷ። «ቅዳሜ ውጭ ምሳ እንብላ» ያለችው ራሷ ናት። ሎሬይን ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ዕቃ ማጠቢያው አዙራ አልቅሳለች። ሰኞ ሐኪሞቹ ይመዝኗታል፤ ኪሎዋ ከቀነሰ ተመልሶ ያው አልጋ ነው።

«ሕጉ ነው» አለ ሰውዬው። «እንደኛ ያሉ ትልልቅ ድርጅቶች ከየምግቡ ጎን ካሎሪውን መጻፍ አለብን።»

«ሕጉን ለኔ ታስተምረኛለህ? ደንበኛ ከጠየቀ ቁጥር የሌለው ማቅረብ ትችላላችሁ ይላል እኮ! አንብቤዋለሁ፣ አንተ ግን አላነበብከውም።»

«እንችላለን። ግን አላሳተምንም። ደግሞ ማየት ያልፈለገ ሰው አለማየት ነው፣ ምን ችግር አለው?»

የሎሬይን ደም ፈላ። አለማየት! ይህቺ ልጅ ስለ አንዲት ብስኩት ስታሰላ ሌሊቱን ስታነጋ የት ነበረና! ለንደን ተቀምጠው «ሕዝቡ ወፍሯል፣ ቁጥር እንለጥፍለት» ያሉት ጌቶችም ከዚህ አይሻሉም። ወፈረ የተባለውማ ይኸው አጠገቧ ተቀምጧል። አንገቱ ትከሻው ውስጥ የጠፋ ሰውዬ ጓደኛውን በክርኑ እየጎሸመ፣ «የኔ ሺህ አራት መቶ ነው! ያንተስ?» ይላል። ጓደኛው መበለጡን ሲያይ ኬክ ጨመረ። ኤዲያ!

«ስጠኝ ወዲህ» ብላ ሜኑውን ከሥራ አስኪያጁ እጅ መነጨቀችው። «እኔ አነብልሻለሁ፣ የኔ ቆንጆ። አንቺ ስሚ ብቻ።»

ብራዮኒ ዓይኗን ጨፈነች።

«በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ የዶሮ ፓይ ከተፈጨ ድንች ጋር። ዓሣ ከድንች ጥብስ ጋር። የበግ ሥጋ በምድጃ። ቋሊማ አለ፣ የአትክልት ሾርባ አለ…»

«ፓይ» አለች ብራዮኒ።

ሎሬይን የሰማችውን ማመን አቃታት። «ፓይ? መረቅ ይፍሰስበት?»

«ይፍሰስበት።»

ሎሬይን ሥራ አስኪያጁን ቀና ብላ አየችው፤ አየህ አይደል፣ አንተ ደንቆሮ፣ በሚል ዓይን። እሱ ከኪሱ ትንሽ ወረቀት አውጥቶ ፓዩን ጻፈና፣ «ለእርስዎስ?» አላት።

ሎሬይን ሜኑውን ቁጥሮቹ በተደረደሩበት በቀኝ ጠርዙ በኩል ከላይ እስከ ታች አየት አደረገችው። «ለኔ ሾርባው ይበቃኛል። ዳቦውን ተወው።»

ብራዮኒ ዓይኗን ገለጠች።

«መቶ ሰማኒያ ስድስት» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ሾርባው ነዋ። ከሁሉም ትንሹ እሱ ነው።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። «ድረ ገጻቸው ላይ ሁሉንም አይቼዋለሁ፣ እማ። ፓዩ ዘጠኝ መቶ ሰባ ነው። እያወቅሁ ነው ያዘዝኩት።»

ብራዮኒ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች።

«ይቅርታ፣ ለኔም ሾርባ አድርገው። ያለ ዳቦ።»

«አይሆንም!» ሎሬይን ከወንበሯ ብድግ አለች። «እኔም ፓይ ነው የምበላው! ፓይ ብለህ ጻፍ፣ ሁለት ፓይ! በመረቅ!» ባለ ሺህ አራት መቶው ሰውዬ ማኘኩን አቁሞ ዞሮ አያት።

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን እንደያዘ አንዴ እናትየዋን፣ አንዴ ልጅቷን ተመለከተ። አሁን የትዕቢት ወሬ አልነበረውም።

«የማንን ልስማ?» አለ ቀስ ብሎ።

ብራዮኒ በጠረጴዛው ላይ እጇን ዘርግታ የእናቷን እጅ ያዘች። ጣቶቿ ቀዝቃዛ ነበሩ።

«ተቀመጪ፣ እማ» አለቻት፤ «ምንም አይደል፣ አንቺም እንደኔው ነሽ።»